ለሁለት ሰው አንድ ምርመራ

“ኧረ ቀስ! እግር ነው እንጂ ጭነት አይደለም የምታስሪው…”

“ዝም በይ እትዬ። ካልጠበቀ አይሠራም ተብሏል።”

ትንሿ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የትልቋን እግር በፋሻ ትጠቀልላለች… ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት።

ፋሻው የተገዛ አይደለም። ከተጣለ አሮጌ አንሶላ የተቀደደ ነው።

ታጥቧል… ተተኩሷልም። ሥራቸው ነዋ!

ሁለቱ ሴቶች በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ልብስ የሚተኩሱ ናቸው።

እህትማማች አይደሉም። ግን ጎን ለጎን ካውያ ይዘው ከቆሙ ጀምሮ አንዷ ያለ ሌላዋ ምሳ በልታ አታውቅም።

ቀኑን ሙሉ መቆም… እንፋሎት… እርጥብ የሲሚንቶ ወለል…

እግራቸውን መታመም የጀመሩት በአንድ ሰሞን ነበር።

የትንሿ እግር ያብጣል፣ ይከብዳታል፣ ሰማያዊ የደም ሥር ተጋድሞበታል።

የትልቋ አያብጥም። ግን ትንሽ ስትራመድ ባቷን ጨምድዶ ይይዛታል… ቆም ስትል ይለቃታል።

“ያው ነው፤ የመቆም በሽታ ነው” ተባባሉ።

ተባብረው ያጠራቀሙት ገንዘብ የሚበቃው አንድ ሰው ለማስመርመር ብቻ ነበር።

“አንቺ ሂጂ” አለች ትልቋ። “ልጆች አሉብሽ። የሚልሽን በደንብ ይዘሽ ነይ… እኔም እሱኑ አደርጋለሁ።”

ሐኪሙ ትንሿን አገላብጦ አያት።

“አጥብቀሽ እሰሪው። ስታርፊ ደግሞ እግርሽን ከፍ አድርጊ” አላት።

ቃል በቃል ይዛ ተመለሰች… ለሁለት ሰው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ሁለቱም ከልብሱ ክምር ጀርባ ይጋደሙና እግራቸውን ግድግዳው ላይ ይሰቅላሉ።

አጣቢዎቹ ይስቁባቸዋል። “መቀሶቹ ተከፈቱ ደግሞ!”

አሠሪያቸው ሳይቀር “እግር ወደ ላይ፣ ሥራ ወደ ታች!” እያለ ያልፋል።

የትንሿ እብጠት ቀስ በቀስ ጎደለ።

የትልቋ ግን… ሲሰቀል ይብስባታል። ትንሿ ዘወር ስትልላት ጠብቃ ቀስ ብላ ታወርደዋለች። ሲወርድ ቀለል ይላታል።

“እትዬ! አየሁሽ! መልሺው!”

“ወደ ላይ ሲሆን ያመኛል እኮ…”

“ገና ነዋ! እኔንም መጀመሪያ ላይ ያመኝ ነበር።”

“ሐኪሙ ያለው ላንቺ ነው…”

“ለሁለታችንም ነው! ተካፍለን አይደል እንዴ የከፈልነው?”

ትልቋ ሳቀች። እግሯን መልሳ ሰቀለችው።

አንድ ቀን ጠዋት ትንሿ ፋሻውን ልትቀይርላት ስትፈታው… የእግሯ ጣቶች ብርድ ላይ ያደረ ብረት መስለዋል።

የመጨረሻዋ ጣት ጠቁራለች።

“ይሄ ምንድን ነው እትዬ?!”

“ጫማዬ ነው የመታኝ… ምን ያስደነግጥሻል?”

“እንግዲያውስ ዛሬ በደንብ ልሰርልሽ” አለች ትንሿ።

እና ከወትሮው አጠበቀችው…

ብዙም ሳይቆይ ትልቋ ካውያውን እንደያዘች ወደቀች።

ያን ጊዜ ሁሉም ያለውን አዋጣ። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት።

የሆስፒታሉ ሐኪም ፋሻውን በመቀስ ቀደደው። እግሯን በእጁ ዳሰሰ።

“ማን ነው ይሄን እንዲህ አጥብቆ ያሰረልዎት?”

ትንሿ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተች…

“እኔ ነኝ ዶክተር!” አለች ትልቋ ቀድማ። “ራሴው ነኝ። ማንንም አልጠየቅሁም።”

ሐኪሙ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

“አጥብቆ የሚታሰረው ደሙ ከእግር ወደ ላይ መመለስ ላቃተው ሰው ነው። የእርስዎ ግን መጀመሪያውኑ ወደ እግርዎ መውረድ ነው ያቃተው። የደም ሥርዎ ጠቧል። ፋሻው ደግሞ የቀረችውን ጠባብ መንገድ ዘጋባት።”

“ምነው አንዴ እንኳ ቀደም ብለን አይተነው ቢሆን…”

አለ ሐኪሙ።

እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ስትነቃ ትንሿ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

“ለምን ዋሸሽ እትዬ? እኔ ነኝ እኮ… በገዛ እጄ…”

“ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል።”

“ይስማ!”

“ቢሰማ እግሬ አይበቅልም። አንቺ ግን ስምሽ በዚህ ከተነሳ እንዴት አድርገሽ ከሰው ፊት ትቆሚያለሽ? በዚያ እጅሽ እንዴት ልጅ ታቅፊበታለሽ?”

ፈገግ ለማለት ሞከረች።

“ደግሞ ከእንግዲህ የምታጥቢልኝ አንድ ካልሲ ነው… ተገላገልሽ።”

ትንሿ አልሳቀችም።

ዛሬ ትልቋ ቤቷ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች… የሚያመጣላት ሲገኝ።

ትንሿ አሁንም ቆማ ትተኩሳለች። እግሯ ተሽሏታል። ሰው “እንኳን ተሻለሽ” ባላት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች።

ወዳጆቼ…

ሁለት ሰው “እግሬን ያመኛል” ስላለ ሕመሙ አንድ ነው ማለት አይደለም። አንዷን ያዳነ ፋሻ ሌላዋን እግር አሳጥቷል።

“አቅም የለንም” እንደምትሉ አውቃለሁ። እነሱም አልነበራቸውም። ለዚህ ምን ብዬ እንደምመክር አላውቅም… ከልቤ ነው።

ግን እግር ሲቀዘቅዝና ሲጠቁር አትጠብቁ። መዋጮው ሰው ከወደቀ በኋላ አይሁን።

የምትወዱት ሰው “ይሄ ነገር አሞኛል” ሲላችሁ ደግሞ “ገና ነዋ” አትበሉት። ስሙት።

እስኪ እናንተ ንገሩኝ… በዚያ በር ላይ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ትልቋ “እኔ ነኝ ያሰርኩት” ስትል እውነቱን ትናገሩ ነበር… ወይስ እንደ ትንሿ ዝም ትሉ ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።