የኤለሪ መርዶ

ሀረገወይን ስልኩን ካስቀመጠችውም በኋላ እጇን ከላዩ አላነሳችም። ከወጥ ቤት የሁለት ልጃገረዶች ሳቅ ይሰማል። ልጇ ሶሊ እና ከዌልስ የመጣችው እንግዳ ኤለሪ ድንች እየላጡ ነው።

የደወለችው የኤለሪ አስተማሪ ወይዘሮ ፕራይስ ነበረች። በተሰባበረ ጀርመንኛ የኤለሪ አያት ዛሬ ከቀትር በኋላ በድንገት ማረፋቸውን ነገረቻት። እስክመጣ ልጅቷ ምንም እንዳትሰማ ብላ ለምናት ዘጋች።

ኤለሪ ፍራንክፈርት የመጣችው ከትምህርት ቤቷ የመዘምራን ቡድን ጋር ነው። ልጆቹ ለአንድ ሳምንት በሶሊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቤት ተከፋፍለው አርፈዋል። የቋንቋቸው ተናጋሪ ጥቂት ነው፤ እነሱ ግን ሒሳቡንም ኬሚስትሪውንም የሚማሩት በዚያው በዌልሽኛ ነው። ሀረገወይን ይህን የሰማች ዕለት ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሶሊ ሄዶ ነበር። ሶሊ አማርኛ ትሰማለች። የምትመልሰው በጀርመንኛ ነው።

አያትየውን በወሬ ታውቃቸዋለች። ኤለሪን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የሚነዱትም እሳቸው ናቸው፤ በዌልሽኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይከፈት ተብሎ ድሮ ቤት ለቤት ሲዞር ከዞሩት አንዱ ነበሩ። ትናንት ራት ላይ ኤለሪ መሪ እንደያዘ ሰው እጇን ዘርግታ፣ እሳቸው እንዴት ዘፈን እንደሚያወጡ፣ ተማሪው ሁሉ እንዴት እንደሚቀበላቸው እያሳየች አስቃቸው ነበር።

«ማን ነው የደወለው?» አለች ሶሊ ከወጥ ቤት፣ በጀርመንኛ።

«የሥራ ነው። እስቲ አንዴ ነይ።»

መኝታ ቤት አስገብታ በሹክሹክታ ነገረቻት። የሶሊ ፊት ነጣ።

«ታዲያ ለምን አሁኑኑ አንነግራትም? አያቷ እኮ ናቸው ማማ! የማወቅ መብት አላት።»

«መርዶ እንዲህ በባዶ ሆድ፣ ቆሞ አይነገርም። መጀመሪያ ትብላ። ሰዎቿም ይምጡላት።»

«መርዶ ምንድን ነው?»

ሀረገወይን የጀርመንኛውን ቃል ፈለገችው፤ አልመጣላትም። አገር ቤት ቢሆን ልጅቷ ተኝታ ታድርና ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱ በሩ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ይህን ሁሉ በምን አፏ ታስረዳት። «ተዪው» አለቻት። «ብቻ ፊትሽን አስተካክዪ።»

ራት ቀረበ። ኤለሪ እርቧት ነበር፤ ድንቹንም ምስሩንም አጣጥማ በላች። «ለታይድ ዛሬ ዛይል ገበያ ላይ የቆዳ ጓንት ገዛሁላቸው» አለች አፏን እየጠረገች። ታይድ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። «ጠዋት ጠዋት መሪው በረዶ ነው፤ ጣታቸውን ያማቸዋል።»

ሶሊ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች።

«ምን ሆነች?»

«ምንም፤ ሆዷን ነው» አለች ሀረገወይን። ከምስሩ ጨመረችላት። «ብዪ፣ የኔ ልጅ። ብዪ።» የመጨረሻዎቹ ቃላት በአማርኛ ወጡ። ኤለሪ ፈገግ ብላ በላች።

ደወሉ ሲጮህ ሀረገወይን አስተማሪዋን ብቻ ጠብቃ ነበር በሩን የከፈተችው። ደረጃው እስከ ታችኛው ፎቅ ልጅ ሞልቶታል። መዘምራኑ በሙሉ ናቸው። ከሮደልሃይም፣ ከመሀል ከተማ፣ ከያረፉበት ተጠራርተው፣ በከተማው ባቡር በኤስባን እነ ሀረገወይን ሰፈር ግሪስሃይም ድረስ መጥተዋል። አንድም የሚያወራ የለም። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ አያቸውና መልሶ ዘጋው።

ኤለሪ ሹካዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ጓደኞቿን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። ወይዘሮ ፕራይስ ሁለቱን ክንዶቿን ይዛ አጭር ነገር ነገረቻት። ሀረገወይን ከንግግሩ የገባት «ታይድ» የሚለው ብቻ ነው።

ልጅቷ ጮኸች። ልጆቹ ባንድ ጊዜ ከበቧት፤ ኮሪደሩም ሳሎኑም ሞላ። እነሱም ያለቅሳሉ፤ ከትንሽነታቸው ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ከየደጃፋቸው ያነሷቸው ሰው ናቸው። አንዱ እንባውን እየዋጠ ስለ ሽማግሌው አንድ ነገር ያነሳል፣ ሌላው ይቀጥልለታል፣ ኤለሪም ከሳጓ መሃል ትመልስላቸዋለች። ሁሉም በዚያ በራሳቸው ቋንቋ።

ሀረገወይን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ደርግ በወደቀ በዓመቱ እናቷ ደሴ ላይ ሲያርፉ እሷ የሰማችው እዚሁ ጀርመን በሥራ ቦታ ስልክ፣ የሰሃን ማጠቢያው ማሽን ጎኗ እየጮኸ ነው። አለቃዋ ትንሽ አረፍ በይ ብሏት ነበር። ያን ቀን ያልወጣው ለቅሶ አሁን ከየት እንደመጣ ሳታውቀው መጣ። «እማዬ» አለች፤ ደረቷን መታች። «እማዬ፣ እኔ አፈር ልብላ!»

«ማማ» አለች ሶሊ ከኋላዋ። «እኔ ምን ልበላት?»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ በያት።»

«እግዚአብሔር ያ... ያጽ...» ምላሷ ተያዘ። አንዴ ደግማ ሞከረችው። ከዚያ ተወችውና በልጆቹ መሃል ጠጋ ብላ የኤለሪን ትከሻ ነካች፤ በጀርመንኛ አዝናለሁ አለቻት። ትራም ውስጥ የሰው እግር ሲረግጡም የሚሉት ያንኑ ነው። ኤለሪ ራሷን ነቀነቀችላት። ክቡ መልሶ ገጠመ፤ ሶሊ ከውጭ ቀረች።

አንድ ቀን ለሶሊም እንዲህ ይደወልላታል። ሀረገወይን ማን ደረጃውን እንደሚሞላላት አሰበች፤ አንድ ሰው እንኳ በሐሳቧ አልመጣላትም።

ቤቱ ሞቆ ልጆቹ ካፖርታቸውን እያወለቁ ለሶሊ ያቀብሏት ጀመር። መስቀያው ሞልቶ ተርፏል። ሶሊ የሰው ካፖርት እስከ አገጯ ታቅፋ፣ የምታስቀምጥበት ቦታ እየፈለገች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።