በቆጠራው ቀን የተጣደ ድስት

ምስማሩ አልገባ ብሏል። አቶ በዛብህ በካልሲያቸው አልጋው ላይ ቆመው በድንጋይ ይቀጠቅጡታል፤ የግድግዳው ምርጊት እየተፈረፈረ ሞሚና ጠዋት ባነጠፈችው አልጋ ልብስ ላይ ይረግፋል። በስንት መከራ ገባ። የሠርግ ፎቷቸውን ሰቀሉ፣ የማርያምን ሥዕል ከጎኑ አደረጉ፣ ወርደው ጋቢያቸውን ደረቡ።

«በቃ! አሁን ገና የሰው ቤት መሰለ» አሉ ዞር ዞር ብለው እያዩ።

ሞሚና ዋጥ አደረገችው። አራት ዓመት ሙሉ የኖረችበት ቤት እስከ ዛሬ የማን ይመስል እንደነበር ልትጠይቃቸው ምንም አልቀራትም።

«ያልኩሽን እንዳትረሺ። ማነሽ ካሉሽ፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሌላውን ለኔ ተይው።»

«እሺ ጋሽ በዛብህ።»

በአቃቂ የቀበሌ ቤት ቆጠራ ሊመጣ ነው ሲባል እንዲህ ነው። በቀበሌ ቤት ውል ላይ ስማቸው ያለ፣ ግን ለዓመታት ያልታዩ ሰዎች በማለዳ ከየኮንዶሚኒየማቸው ይመጡና ያከራዩትን ቤት ለግማሽ ቀን ይኖሩበታል። ፒጃማ ለብሶ የሚመጣም አይጠፋም። አቶ በዛብህ ሳሪስ አቦ ፎቅ ሠርተው ከገቡ ስምንት ዓመታቸው ነው። የመንግሥት ቤት ማከራየት ክልክል መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፣ ሞሚናም ታውቃለች። ከተነቃ ውሉ ይቀደዳል፣ እሷም ትወጣለች። ባሏ ከማለዲን ትናንት ከኮምቦልቻ ደውሎ፣ «ለአንድ ቀን ነው፣ ቻይው» ብሏታል። ልትችለው ነው እንግዲህ።

በሩ ተንኳኳ። ከወረዳው የመጣችው ሥርጉት የምትባል ወጣት ናት፤ ቦት ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ መዝገቧን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላዋለች።

«አቶ በዛብህ እርስዎ ነዎት አባቴ?»

«እኔው ነኝ ልጄ፣ ግቢ ግቢ! ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። እዚሁ ወልጄ፣ እዚሁ ድሬ…»

ሥርጉት ፎቶውን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ ጋቢውን አየች። ውሉን ተቀብላ ስሙን አመሳከረች። ሁሉም ልክ ነው። መጻፍ ጀመረች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን ገታ አድርጋ አየሩን አሸተተች። ጥግ ላይ ድስቱ ይንተከተካል።

«ይሄ ሥጋ ነው?»

አቶ በዛብህ ድስቱን ያኔ ገና አዩት። ፎቶ አምጥተዋል፣ ጋቢ አምጥተዋል፣ ድስቱ ግን ትዝም አላላቸው። ሞሚናም አላሰበችውም፤ ባሏ ዛሬ ስለሚገባ በጠዋት ተነስታ የጣደችው ነው። ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም።

«አባቴ፣ በፍልሰታ?» አለች ሥርጉት፣ ከምርመራው ይልቅ ይሄ የደነቃት መስላ።

«ኧረ እመብርሃንን! እኔ እቴ! የሠራተኛዋ ነው። ሙስሊም ናት። ምስኪን ናት፣ ከመንገድ ዳር ወድቃ አሳዝናኝ ነው ያስገባኋት። ትራፊ ከምትለቃቅም ብዬ ቀቅለሽ ብዪ አልኳት። ምን ታውቃለች ብለሽ ነው!»

ሞሚና ማማሰያውን እንደያዘች ቆማለች። ሠራተኛ ነኝ ልትል ተስማምታለች። ከመንገድ ዳር ስለመነሳት ግን የተባለ ነገር አልነበረም። ፊቷ ጋለ። እዚህ ቤት የገባችው የትዳር ዕቃዋን በባሏ አይሱዙ ጭና፣ በእልልታ ነው። ወለሉ ያኔ አፈር ነበር፤ ከማለዲን ሲሚንቶ አመጣ፣ ሊሾውን ግን በገዛ እጇ የለሰነችው እሷ ናት። አንድ ቃል ብትናገር ይህ ሁሉ ይቀራል፣ ያውም በዚህ ክረምት።

«እውነት ነው አንቺ? ከመንገድ ነው ያመጡሽ?»

«አይደለም» አለች ሞሚና።

አቶ በዛብህ ሳል ጀመራቸው።

«ሠራተኛም አይደለሁም። ነውር ሆኖ አይደለም፤ እናቴም በሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን የዚህ ቤት ተከራይ ነኝ፣ አራት ዓመቴ ነው። ድስቱም የኔ፣ አልጋውም የኔ፣ የቆምሽበት ሊሾም የኔ ነው። ሥጋውንም ለባሌ ነው የሠራሁት።»

«አበድሽ እንዴ?» አሉ አቶ በዛብህ። «ነገ የት ልትገቢ ነው?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ጋሽ በዛብህ፣ ለኪራዩ በየወሩ ሲመጡ እኮ ወይዘሮ ሞሚና ነበር የሚሉኝ።»

አቶ በዛብህ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

ሥርጉት ሌላ ቅጽ አወጣች። ድምጿ ዝግ አለ። «ይቅርታ፣ እህቴ። ሕግ ነው፣ ቤቱ ይመለሳል። እርስዎም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይለቃሉ።»

«አውቄ ነው የተናገርኩት።»

እንባ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፣ አልመጣም። ይልቅ ኩራት ኩራት አላት፣ እንዲህ ቀጥ ብላ ከቆመች ስንት ጊዜዋ!

ሥርጉት ቅጹን ሞልታ ስትጨርስ የአሻራ ቀለሙን ከፈተች። «እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን…»

«ቀለሙን ክደኚው። እስክሪብቶ አቀብዪኝ።»

ማማሰያውን አስቀመጠች፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ሕገ ወጥ ነዋሪ» የሚለው ጋ ስትደርስ አልዘለለችውም። ከዚያ ሳትቸኩል፣ ፊደሉን እያሳመረች ስሟን ጻፈች፤ የአባቷን አስከተለች፣ የአያቷንም ጨመረች። ሞሚና ሰዒድ ይማም። የተሰጣት መስመር አልበቃትም፤ ይማም የሚለው ከሰንጠረዡ አልፎ ነጩ ወረቀት ላይ አረፈ።