መጀመሪያ የጮኸው ሰው

ወንድሟን ናሁሰናይን የሰፈሩ ሰው በዱላና በድንጋይ ቀጥቅጦ የገደለው በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ነበር። ከሁለት ዓመት ስደት በኋላ ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ማንም ሳያውቅ የመጣ ዕለት ነው። በሩ ቢቆለፍበት አጥር ዘለለ። ያኔ አንድ ሰው «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደሆነ አልታወቀም። አንዲት ጎረቤት ልጇ ዳዴ ሲል በስልኳ ስትቀርጽ ጩኸቱ አብሮ ገብቶ ነበር፤ ግን የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ውጦታል።

አባቷ ይህን ቅጂ ሰጥተዋት ሽጉጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «አንቺ ኮምፒውተር ተምረሻል። የጮኸውን ሰው ስም ብቻ ስጪኝ» አሏት።

የድምፅ ፕሮግራም ሠርታ አታውቅም። ማንም በነጻ ወስዶ የራሱን የድምፅ ሶፍትዌር የሚሠራበትን ኮድ ከኢንተርኔት አውርዳ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀመረች። በሳምንቱ ፕሮግራሟ አንዲት ቀጭን «ጢ» አሰማ። በወሩ የወፍጮን ጉርምርምታ ከሰው ድምፅ መለየት ቻለ።

ዛሬ አባቷ ሽጉጡን እንደገና ጠረጴዛው ላይ አድርገው አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የወፍጮው ድምፅ ጠፋ። የዱላው ምት፣ የአጥንቱ ስብራት፣ የወንድሟ «የዚህ ቤት ልጅ ነኝ!» የሚል ልመና ጥርት ብሎ መጣ። ቅጂውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።

«ሌባ! ኧረ ሌባ አጥር ዘሎ ገባብኝ!»

እናቷ ነበረች።

«ማን ነው?» አሉ አባቷ።

«አይሰማም» አለች፣ ማዳመጫውን እንደያዘች።

እናቷ ከጓዳ ወጣች። «ልጅቷን አያስጨንቋት፤ ስሙን እኔ ልስጥዎ» አለቻቸውና ሽጉጡን ከጠረጴዛው አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።