ስም አትጻፉ

ሃያ ሦስተኛዋን ብጣሽ ወረቀት ዘረጋሁ። በእርሳስ የተጻፈች አራት መስመር ናት። «ጌም ላይ የተዋወቅሁት ጓደኛ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ ስንወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

ስም የላትም። ስም አትጻፉ ያልኩት እኔው ነኝ።

ለመውጫው ደወል ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ፊቴ አርባ አንድ ልጆች ተደርድረዋል፤ ከኋላ ደግሞ እኔን ተለማማጇን ሊመዝኑ የመጡት እትዬ ቅጹን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ሲጽፉ ቀና አይሉም።

ትምህርቱ ስለ ልጆችና ኢንተርኔት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስላይድ ሳሳምር ሰንብቼ፣ ፕሮጀክተሩ ሰማያዊ መብራት ብቻ አሳይቶኝ አረፈው። ገመዱን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ይምቱት» ብሎ መከረኝ፤ መታሁት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከደብተራችሁ ወረቀት ቅደዱና ኢንተርኔት ላይ ያጋጠማችሁን፣ ለሰው ያልነገራችሁትን ጻፉ፤ አጥፋችሁ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ካርቶን ውስጥ ክተቱ አልኳቸው። እንዳይፈሩ ብዬም «ለማንም አልናገርም» ብዬ ጨመርኩበት። ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የተማርነው ግን ለልጅ ሚስጥር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል እንደማይገባ ነው። በቀይ አስምሬበታለሁ። ፈተና ላይም መጥቶ አግኝቼዋለሁ።

ወረቀቷን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ።»

አንዴ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «የማን ናት?»

«አላውቅም። ስም አትጻፉ ብያቸው ነበር። ለማንም አልናገርም ብዬም…»

«አይ አንቺ ልጅ።»

የምዘና ቅጹን ወንበሩ ላይ ገልብጠው አስቀመጡና በር ላይ ቆመው ለርዕሰ መምህሩ ደወሉ። ዘበኛው የግቢውን በር እንዲዘጋ፣ ወላጅ በአካል ካልመጣ ማንም ልጅ እንዳይወጣ፣ ውጭ የቆመ ሰው ካለም ማንነቱ እንዲጠየቅ በሹክሹክታ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በሩ ዛሬን ያድነናል። ነገ ሌላ ቦታ ቢቀጥረውስ? ልጁን አግኚ።»

ተመልሼ ፊታቸው ቆምኩ። በግልጽ ብጠይቅ ማንም እንደማይመልስልኝ አውቃለሁ፤ እኔም በዕድሜያቸው አልመልስም ነበር። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ዓይኔ መጨረሻ ረድፍ ያለችው ዝምተኛ ልጅ ላይ ቀረ፤ ጥፍሯን እየበላች ነው። ፊት ወንበር ላይ ያለችውን ጠበቃዋን ግን አልፌያት ሄድኩ። በክርክር ስለማትሸነፍ ነው ጓደኞቿ ይህን ስም ያወጡላት። የጠየቅሁትን ሁሉ የመለሰችው እሷ ናት። የይለፍ ቃል ለጓደኛ አይሰጥም፣ አድራሻ አይጻፍም፣ ከማናውቀው ሰው ጋር አናወራም። ምነው ሁሉም እንደሷ በሆኑ ብዬ ነበር።

ያኔ ካርቶኑን አየሁት። ልጅ ወረቀት ሲያጥፍ የየራሱ መላ አለው። አንዱ አውሮፕላን ሠርቷል፣ አንዱ ጠቅልሏል፣ አንዷማ በማስቲካ አሽጋዋለች። ባለ አራት መስመሯ ደግሞ ደጋግማ ታጥፋ አውራ ጣቴን ታህል ነበር። የከፈትኳቸውን በየእጥፋታቸው መለስኳቸውና ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ።

«ሁላችሁም ወረቀታችሁን ውሰዱ። የራሳችሁን ብቻ። የወሰደ ቦርሳውን ይዞ ኮሪደር ላይ እትዬ ጋ ይሰለፍ።»

«ቲቸር፣ ለምን?» አለ አንዱ።

«ስለተሳሳትኩ» አልኩት። እውነቴን ነው።

በየረድፉ መጡ። አውሮፕላኑ ሄደ። ማስቲካው ሄደ። ሁለት ልጆች በአንድ ጥቅልል ተጣሉና ታረቁ። ዝምተኛዋ ስትመጣ እጇን በዓይኔ ተከተልኩ። እሷ ግን በልብ ቅርጽ የታጠፈውን ብድግ አድርጋ ወጣች። ክፍሉ እየሳሳ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ ያቺ ብቻ ቀረች።

ጠበቃዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ለማንም አልናገርም ብለው የለ?» አለችኝ።

«ብያለሁ። ማለት አልነበረብኝም።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ከማናውቀው ሰው ጋር ነው አታውሩ ያሉት። እኔ አውቀዋለሁ። ውሻው ሲሞትበት ራሱ ለኔ ነው የነገረኝ።»

 

ደወሉ ተደወለ። ጠበቃዋ ተነሣች፤ እኔም ተነሥቼ በእሷና በበሩ መካከል ቆምኩ። እትዬ ስልካቸውን እንደያዙ ገቡ።

«ዘበኛው ይዞታል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፖሊስም እየመጣ ነው። ሰውዬው አጎቷ ነኝ ይላል፤ ስሟን ሲጠይቁት ግን አያውቀውም።»

«ሰውዬው?» አለች ጠበቃዋ።

እትዬ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።

«ልጅ ነው እኮ» አለች። አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። ሁልጊዜ የምትከራከረው ልጅ የሚከራከራት ሰው ጠፋት። ቀስ ብላ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ከፈተች። በፌስታል የተቋጠረ ነገር አውጥታ፣ ቋጠሮውን ፈትታ አሳየችኝ። ሰባት ብዮች ናቸው፤ አንድም አቧራ የለባቸውም።

«ለሱ ነበር ያመጣሁለት» አለች።