አሳምነው የነካው ማሽን

አሳምነው ሱረቱን በአፍንጫው ሲስብ የሚያሰማው ድምፅ ሸጋዬን ያቅለሸልሻታል። ስቦ አያበቃም። ያነጥሳል፣ ንፍጡን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፣ በዚያው ጣት የአባቷን ማሽን ይደገፋል።

«እጅህን አንሳ!»

«ማሽን ደግሞ ይጠየፋል እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ጥርሱ ላይ የትናንቱ ሽሮ አለ።

አሳምነው ወንድሟ ነው፤ በአባት ብቻ። አባታቸው አቶ ቢተው መካነ ሰላም ውስጥ ሠላሳ ዓመት እህል ሲፈጩ ዱቄቱ ሳንባቸውን በላው። አሁን የሚተነፍሱት በቱቦ ነው። ማሽኑ የክፍሉን አየር ይስባል፣ ኦክስጅኑን ለይቶ ይሰጣቸዋል። የምታስታምማቸው ሸጋዬ ናት። አሳምነው ከሰዓት ከሰዓት ይመጣና ሃይላንድ ውሃውን ይዞ ማሽኑ ሥር ይጎለታል። ሃይላንዱ ሙሉ ገብቶ ባዶ ይወጣል።

እሱ ሲወጣ የእሷ ሥራ ይጀምራል። የተቀመጠበትን ወንበር በበረኪና ትፈትጋለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ የማሽኑን አየር ማስገቢያ ስፖንጅ በሳሙና አሽታ አጥባ ቦታው ትመልሳለች። ክረምት ነው፤ ከሰኔ ወዲህ እቤቱ ውስጥ በወጉ የደረቀ ጨርቅ የለም። ያ የሱረትና የምራቅ ሽታ ግን ከአፍንጫዋ አይወጣም።

ሐምሌ ላይ አባቷ ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ከዘጠና ሁለት ወደ ሰማንያ አራት ወረደች። ከንፈራቸው ጠቆረ።

የኦክስጅን ሲሊንደር በውሰት መጣ፤ ሙሐመድኑርም ተጠራ። ሬዲዮ ሲፈታ ያደገ፣ የቀረውን ከስልኩ አንብቦ የተማረ ጎረምሳ ነው። ሸጋዬ ሰው ሊመጣ ነው ብላ ቤቱን አጽድታ፣ ስፖንጁንም ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ ጠበቀችው። እሱ የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ከቆሎ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ እንክብሎች መዳፉ ላይ ዘረገፈ።

«ዜኦላይት ይባላል፣ እትዬ ሸጋዬ። ድንጋይ እንዳይመስልሽ፣ ወላሂ ከተማ ነው! ውስጡ ዐይን የማያያቸው ክፍሎች አሉ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ጠባብ በር። ናይትሮጅን ሲገባ ግድግዳው ይይዘዋል፣ ይዘገያል። ኦክስጅን ሹልክ ብሎ ያልፋል። አባባ የሚተነፍሱት ያን ያመለጠውን ነው።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«ውሃ። ውሃ ከናይትሮጅንም ይብሳል፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ውጣ ቢሉት አይወጣም። ክፍሉን ይሞላል፣ በሩን ይዘጋል።»

«እንደ አሳምነው በለኛ!»

አቶ ቢተው ከአልጋቸው፣ ትንፋሽ እየቆራረጣቸው፣ «እርጥብ ዱቄት... ወንፊት ይደፍናል» አሉ። ልጆቻቸው በዚህ ምክር ነው ያደጉት።

«ውሃው በየት ይገባል?» አለች ሸጋዬ።

«ከሚስበው አየር ጋር ነዋ። እዚህ ውሃ የሚያፈስ አለ?»

የሸጋዬ ዐይን ወለሉ ላይ የወደቀው ባዶ ሃይላንድ ላይ አረፈ።

አሳምነው የዚያን ዕለት ከነሱረቱ ተባረረ። «ቤቱን ልትወርስ አባቴን ታፍናለህ?»

«ኧረ ሸጋዬ! ከንፈራቸው ሲደርቅ ነው የማርስላቸው።»

«በዚያ እጅህ! ቱ! ከዚህ ደጃፍ እንዳትደርስ!»

አዲሱ እንክብል ከደሴ መጣ። «ሻጩ ሌላ የለኝም ብሏል፤ ይኸ ከተበላሸ አላህ ይድረስልን» አለ ሙሐመድኑር ሲገጥመው። መለኪያዋ ዘጠና ሦስት ገባች። ሸጋዬ በሩን ቆለፈች፣ መስኮቱን በሚስማር መታች። የአሳምነው እድፍ ግን አሁንም ያለ እየመሰላት ጠዋት ታጥባለች፣ ማታ ታጥባለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሰማንያ ስድስት ሆነ። በሦስተኛው ሰባ ዘጠኝ። አቶ ቢተው መናገር ተዉ፤ በዐይናቸው ብቻ በሩን፣ በሩን ያያሉ።

ሙሐመድኑር እየሮጠ መጣ።

«ገብቷል!» ጮኸች ሸጋዬ። «ያ ንፍጣም ገብቷል! ይኸው፣ ሽታው ይሸተኛል!»

«አብሽሪ፣ እትዬ። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ አንገት ላይ!»

«መስኮቱስ?»

«እንደተመታ ነው።»

«ከእሱ ወዲህ ይህን ማሽን የነካ አለ?»

«ማን ይነካዋል? ከእኔ በቀር ማንም!»

ሙሐመድኑር ከማሽኑ ጀርባ ተንበረከከ፣ ጥቁሩን ስፖንጅ መዘዘና በመዳፉ ጨመቀው፤ ውሃው ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ሸጋዬ እግር ላይ ተንጠባጠበ።