ይምጣ፣ ይምጣ፣ ያዝ

አባቴ ብረቱን ከባልጩቱ ጋር ያጋጫል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ፍንጣሪው ይዘላል፤ በአውራ ጣቱ ባልጩቱ ላይ ደግፎ የያዛት የከሰለች ጨርቅ ላይ ያርፍና ይጠፋል። ወንዙን ስንሻገር ሁለታችንም እስከ ወገባችን ርሰናል፤ ፀሐይዋም ከዛፎቹ ጀርባ ወርዳለች። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ እሱ ግን አይቸኩልም።

ክብሪት የለንም። በየዓመቱ ለሁለት ቀን ጫካ ስንገባ የምንይዘው አንድ ቢላዋ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ሸራ፣ ሁለት ብርድ ልብስና የእኔ ስልክ ነው። እሳቱን አባቴ ከድንጋይ ያወጣል። ሕጉ የሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ እሳት ማውጣት ከመንዳት የበለጠ ሙያ ይመስል፣ “ክብሪትማ ማንም ይጭራል” ይላል። እናቴ በሕይወት እያለች “ሁለቱ እብዶች” ትለን ነበር።

ጨርቋ ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ ታወጣለች። ነጥቧ ቀስ እያለች ትሰፋለች። አባቴ መምታቱን አያቆምም።

“ያዘ እኮ” እለዋለሁ።

“የታለ?” ይላል። ወዲያው ደግሞ፣ “አየሁት፣ አየሁት።”

እሱ ግን አላየውም። ጨርቋን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ያነሳትና ከደረቀ ልጥ ጎጆ አስመስዬ ወደ ሠራሁት ክምር ይወስዳታል። ክምሩን ስቶ አጠገቡ፣ ባዶ አፈር ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ ይንበረከክና ጉንጩን ነፍቶ ምንም የሌለበትን ልጥ እፍ፣ እፍ ይላል።

ልስቅ ብዬ እተወዋለሁ። ጠዋት ከመኪናው መንገድ ወርደን ጫካ ስንገባ “አንቺ ቅደሚ፣ መንገዱን ተለማመጂው” ያለኝ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ወንዙ ላይ ትከሻዬን የያዘውም ለእኔ ፈርቶ አልነበረም።

“አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

እፍ ማለቱን ያቆማል።

“መሃሉ ነው” ይላል በመጨረሻ። “ዳር ዳሩ ይታየኛል። ትክ ብዬ የማየው ነገር ላይ ግን ጭጋግ አለ። ክረምቱ ሳይገባ ነው የጀመረኝ።”

“እና እየነዳህ ነው?”

“መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።”

“መንገዱን እንጂ ሰዉን በቃልህ አታውቀውም።”

አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ግን ተናድጃለሁ። ሰኞ ማለዳ ስልሳ ሰው ጭኖ ይወጣል። ባለፈው ወር እኔ ራሴ፣ የሚነዳው አባቴ ነው ብዬ፣ ፊት ወንበር ላይ እንቅልፌን ለጥጬ ነው የሄድኩት። ከጎኔ አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ታጠባ ነበር።

“ፈቃዴን ይወስዱብኛል” ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ከዚያ ምን ልሆን ነው? ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላይ ላፍጥ?”

ጨርቋ መሬት ላይ ነድዳ ልታልቅ ነው። አንስቼ ልጡ ውስጥ ብጨምራት አፍታም አይፈጅብኝም። እጄን እዘረጋለሁ፤ መልሼ እሰበስበዋለሁ። እሳቱን ከእጁ ነጥቄ ላነድድለት አልፈልግም።

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ ጋራዥ ይወስደኝ ነበር። አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሲያስገባ ከኋላ ቆሜ “ይምጣ፣ ይምጣ” እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። አንዴ “ያዝ” ማለት ረስቼ ከግንቡ ጋር አላትሜዋለሁ። አልተቆጣኝም፤ “እግዜር እንቅልፋም ዓይን ነው የሰጠኝ” ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

“ቀኝ እጅህን ዝቅ አድርግ” እለዋለሁ። “ይምጣ።”

ወደ እኔ ይዞራል። ግንባሩ ይቋጠርና ቀስ ብሎ ይፈታል። እጁን ያንቀሳቅሳል።

“ይምጣ። ይምጣ። ትንሽ ወደ ግራ ሰበር አድርግ። ይምጣ። ያዝ።”

ተንበርክኮ እንኳ የቀኝ እግሩ ጣቶች መሬቱን ጫን ያደርጋሉ፤ ፍሬን መያዛቸው ነው። ጨርቋን አግኝቷታል። ፍሟ ጣቱን ትለበልበዋለች፤ አይለቃትም።

“አሁን ወደ ፊት። ቀስ። ቀስ በል። ያዝ።”

ፍሟ ልጡ መሃል ታርፋለች። እፍ ይላል፣ ሳይቸኩል፣ በረጅሙ። ጭሱ ይወፍራል፤ ከዚያ ቦግ ይላል። እኔ ጭራሮውን አቀብለዋለሁ፤ እሱ በሙቀቱ እየተመራ ይደረድራል።

ሱሪያችን እስኪደርቅ ድረስ እሳቱን እንሞቃለን።

“ስልክ ከዚህ ይሠራል?” ይላል ድንገት።

“ከኋላችን ያለው ቋጥኝ ላይ ከወጣሁ ኔትወርክ አለ።”

“ለስምሪት አለቃው ደውይለት። ለሰኞ ሌላ ሹፌር ይፈልግ በይው።” በጭራሮ ፍሙን ይቆሰቁሳል። “ለሰኞ ብቻ አይደለም በይው። ምክንያቱንም አንቺው ንገሪው። እኔ ከደወልኩ እዋሻለሁ።”

ቋጥኙን በእጄ እየቧጠጥኩ እወጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የስልክ ጥሪ ሊያልቅ ነው፤ ያውም በእኔ አፍ።

ስልኩ ይጠራል። ወደ ታች አያለሁ። አባቴ ከእሳቱ አጠገብ ተነስቶ ቆሟል፤ አንገቱን አቅንቶ ይፈልገኛል። ከዚያ አይዞሽ እንደማለት እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል፤ ከእኔ በስተግራ፣ አሥር እርምጃ ርቆ ለቆመው ዛፍ።

“ሃሎ” ይላል አለቃው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እሄድና ዛፉ ሥር እቆማለሁ።