የማዕዶት ተራ

ክላክስ ልነፋ እጄን ሳነሳ ኢዮስያስ እጄን ይይዘዋል።

«ተዪ ማሚ፣ ይበተናሉ» ይለኛል።

ሁርሊንግሃም ሰፈር መሐል ላሞች አስፋልቱን ሞልተውታል። ዝናብ ከጠፋ ወዲህ የማሳይ ከብት አርቢዎች የመንገድ ዳር ሣር ፍለጋ ናይሮቢ ድረስ ይዘልቃሉ፤ ከተሜው ይሳደባል፣ ከብቱ ይግጣል። ግማሹ መንጋ ወደዚያኛው ጠርዝ ሄዷል። ግማሹ እኛ መኪና አጠገብ ደርሶ አልንቀሳቀስም ብሏል። ሹካ የሚሉትን ቀይ ኩታ የለበሰው እረኛ ብቻውን ነው። ፊቱን ሲመራ ኋላው ይቀርበታል፣ ኋላውን ሲነዳ ፊቱ ይበተንበታል። ከበስተጀርባችን የቆመው ማታቱ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይለቀዋል።

እኔ የማየው የልጄን እጅ ነው። ኢዮስያስ ስለ ከብት አንድ ቃል ከተነፈሰ አራት ዓመቱ ነው።

የኋላ ወንበር ላይ ፍራሹ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ዩኒቨርሲቲው ሆስቴል ላደርሰው ነው። አባቱ ሐብተማርያም እንደ ልማዱ ፊልድ ወጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ያ ሁሉ ቤት ለእኔና ለፍሪጁ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ጠዋት ልብሱን ሳጣጥፍ አንድ ነገር ተመኝቻለሁ፤ ከመሄዱ በፊት አንዴ እንኳ የእህቱን ስም ከአፉ ብሰማ። እሱ ከረሳት ከማን ጋር ነው የማስታውሳት?

መንታ ናቸው። ነበሩ ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። አባታቸው የከብት ሐኪም ሆኖ ያቤሎ ተመድቦ እዚያ ወለድኳቸው፣ እዚያው አሳደግኳቸው። ጎረቤታችን የነበሩት የቦረና ሽማግሌ በአገራቸው ወግ ለእትብታቸው ጊደር ሰጡ። ለሁለት ልጅ ግን ሁለት አልሰጡም። አብረው የመጡ አብረው ይጠብቁ ብለው አንዲት ዳልቻ ጊደር ለሁለቱም አደረጓት። ዳልቻ ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ። የእኔዎቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ወርውረው ከሽማግሌው ልጆች ጋር ከብት ውኃ ሊያጠጡ ይሮጣሉ። ኢዮስያስ ከፊት፣ ማዕዶት ከኋላ። እሱ ያፏጫል፣ እሷ በፉጨት ትመልስለታለች፣ ከብቱም በሁለቱ መሐል እንደ ተማሪ ተሰልፎ ይሄዳል።

ሴት ልጅ አታፏጭም ብዬ ስቆጣት «ታዲያ አንቺ ነይና አነጋግሪያቸው» ትለኝ ነበር። አፈኛ ነበረች። ሁለቱን አንድ ነገር ብጠይቅ ቀድማ የምትመልሰው እሷ ናት። እሱ የሷን መልስ ሰምቶ ነው አፉን የሚከፍት።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛት። ሐዋሳ ሳንደርስ መኪና ውስጥ፣ እቅፌ ላይ ሞተች። ኢዮስያስ ያን ቀን ከብቶቹ ጋ ነበር። በዓመቱ ናይሮቢ መጣን። አባቱ ዌስትላንድስ ሰፈር ቢሮ አገኘ፣ ልጄ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ አገኘ፣ እኔ ያገኘሁትን እንጃ። ልጁ ግን ዝምተኛ ሆነብኝ። አንድ ነገር ስጠይቀው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ነው የሚመልስ። አስተማሪዎቹ ቋንቋው ነው አሉ። እኔ ጉርምስናው ነው አልኩ። አንዳንዴም ያናድደኝና ጥያቄዬን እደግመዋለሁ።

አሁን የወንበር ቀበቶውን ይፈታል።

«ዋን ሚኒት፣ ማሚ።»

ወርዶ በመኪኖቹ መሐል ይሾልካል። ነጭ ጫማው እበት ሲረግጥ ግድም አይሰጠው። እረኛውን በስዋሂሊ አንድ ሁለት ቃል ያናግረዋል፣ እረኛውም ወደ ነዳጅ ማደያው የሸሸች ጥጃ ሊመልስ ይሮጣል። ልጄ ከመንጋው ፊት ብቻውን ይቆማል። ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከቶ ያፏጫል።

ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይላል። አውቀዋለሁ። ላሞቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ። እሱም ፉጨቱን ይገታና በቀንዶቹ አናት ላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ያያል፣ እኔ ወዳለሁበት። ይጠብቃል።

መስኮቱን አወርዳለሁ። ከንፈሬን አሹዬ እሞክራለሁ። አዲስ አበባ ያደግኩ የጨዋ ልጅ፣ ማን ማፏጨት አስተምሮኝ? ንፋስ ብቻ ይወጣል። ደግሜ እሞክራለሁ፣ አሁንም ንፋስ ነው። አጠገቤ የቆመችው ላም ታየኛለች። ሌላ ምን ላድርግ፣ በሩን ከፍቼ እወርድና ታፋዋን በመዳፌ እመታታለሁ። ሂጂ እላታለሁ። ትሄዳለች። ሌሎቹም ይከተሏታል።

መንገዱ ሲከፈት ኢዮስያስ ይመለሳል። ከብት ከብት ይሸታል። ስንት ጊዜ ይህን ሽታ ከሸሚዛቸው አጥቤ እንዳወጣሁ! ቀበቶውን አስሮ ፊት ለፊት እያየ ይናገራል።

«ከኋላ የምትመልሰው ማዕዶት ነበረች።»

ስሟን በእሱ ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ እዚያው ላይ ደግሞ ያመኛል። ማርሽ አስገብቼ እነዳለሁ። ቀዩ መብራት ላይ ስንቆም እንደ እናት ወግ የሚሆን ነገር እፈልግና ርቦት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

እንደ ሁልጊዜው ዝም ይላል።

ጥያቄዬን ልደግም አፌን ስከፍት ያ ፊቱ ትዝ ይለኛል፤ ቅድም በላሞቹ አናት ላይ አሻግሮ ሲጠብቅ የነበረው። አፌን መልሼ እገጥማለሁ። ቀድማ የምትመልሰው ማዕዶት ናት።

መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ከኋላችን ያለው ማታቱ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ሁለታችንም ትንሽ እንጠብቃታለን።